ማወቅ፣ ማዘግየት፣ መድረስ፦ የንግድ ንብረትን ከስርቆትና ከውድመት በዘመናዊ የደኅንነት ሥርዓት ስለ መጠበቅ

በኢትዮጵያ የቀድሞ የፍትሕ ልማድ ውስጥ ስርቆትን ለመመርመር የሚያገለግሉ ሁለት የታወቁ መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሌባሻይ ነው። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቆጠር ነበር። ይህ ልማድ ንጹሓንን ለበደል የሚዳርግ በመሆኑ በኋላ በመንግሥት ተከልክሏል። ሁለተኛው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነው። የአካባቢው ነዋሪ በአንድነት ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ይቀመጣል፤ ካልታወቀም የጠፋውን ንብረት ዋጋ በጋራ ይከፍላል። ሁለቱ በአሠራርም በፍትሐዊነትም ቢለያዩ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሥራቸው የሚጀምረው ንብረቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ መርካቶም ሆነ ቦሌ በየመደብሩ ጣሪያ ሥር የተሰቀለው የደኅንነት ካሜራ ከእነዚህ ልማዶች በቴክኖሎጂ እጅግ የራቀ ነው። በአገልግሎቱ ግን ብዙ ጊዜ የራቀ አይደለም። ባለሱቁ ጠዋት መጥቶ ቁልፉ ተሰብሮ ያገኛል፤ ከዚያም ቀረጻውን ወደ ኋላ መልሶ ፊታቸውን የሸፈኑ ሁለት ሰዎች ዕቃውን ተሸክመው ሲወጡ ይመለከታል። መሣሪያው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ንብረቱ ግን የለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው አነጋገር ለዚህ ዓይነቱ ጥበቃ የተነገረ ይመስላል። በአንድ ሌሊት የሚጠፋው ዕቃ በብድር ወይም በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ የአንድ ነጋዴን የዓመታት ጥሪት የሚመለከት ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ዘመናዊ የደኅንነት ሥርዓት የሚመዘነው በመሣሪያዎቹ ብዛት ወይም በካሜራው ጥራት ሳይሆን፣ ጥቃቱ ከታወቀበት ቅጽበት አንሥቶ አጥፊው እስኪወጣ ባለው ጊዜ ውስጥ ሰው ሊደርስ በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው። ይህን ጊዜ ሳይለኩ መሣሪያ መግዛት የኪሳራን ማስረጃ እንጂ ጥበቃን መግዛት አይሆንም።

ሦስቱ ሰዓቶች

በወንጀል ጥናት ዘርፍ ሎውረንስ ኮኸንና ማርከስ ፌልሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ለስርቆት መፈጸም ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው፤ ለመስረቅ የተዘጋጀ ሰው፣ ለመሰረቅ የሚመች ንብረትና የሚችል ጠባቂ አለመኖር ናቸው። እዚህ ላይ «የሚችል» የሚለው ቃል ክብደት አለው። የተቀመጠ ጠባቂ ሁሉ፣ የተሰቀለ ካሜራም ሁሉ የሚችል ጠባቂ አይደለም። ለመሰረቅ የሚመች ንብረት የሚለውም እንዲሁ በዋጋ ብቻ አይለካም። መጋዘን ሙሉ ሲሚንቶ ከአንድ ካርቶን የእጅ ስልክ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ ስልኩ ግን ተሸሽጎ ይወጣል፣ በማግሥቱም ይሸጣል። ስለዚህ ሁለቱ ነጋዴዎች አንድ ዓይነት የጥበቃ ሥርዓት የሚገዙበት ምክንያት የለም።

ጠባቂው የሚችል መሆኑን ለመለካት የደኅንነት ምሕንድስና የሰዓት ስሌት ያቀርባል። ሜሪ ሊን ጋርሺያ በአሜሪካ ሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎች የተዳበረውን ዘዴ መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ሥርዓቱን በሦስት ተግባራት ይከፍሉታል፤ ጥቃቱን ማወቅ፣ አጥፊውን ማዘግየትና በቦታው መድረስ። ዘዴው የኑክሌር ተቋማትን ለመሰሉ እጅግ ጥብቅ ስፍራዎች የታሰበ ቢሆንም ስሌቱ ለአንድ ሱቅ ለመሥራት ከእርሳስና ከወረቀት በላይ አያስፈልገውም።

ለምሳሌ ያህል አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ይታሰብ። አጥፊው የውጩን የብረት መዝጊያ ለመክፈት 2 ደቂቃ፣ የውስጡን በር ለመስበር 4 ደቂቃ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ለመጫን 9 ደቂቃ ይወስድበታል፤ በድምሩ 15 ደቂቃ ማለት ነው። ማንቂያው ከደወለ በኋላ ባለቤቱ፣ የአካባቢው ጥበቃ ወይም ፖሊስ ለመድረስ 12 ደቂቃ ያስፈልገዋል። እንቅስቃሴ ጠቋሚው መሣሪያ በተለመደው አኳኋን በመደብሩ ውስጥ ከተሰቀለ ደወሉ የሚነሣው ሁለቱም በሮች ከተከፈቱ በኋላ፣ ማለትም በ6ኛው ደቂቃ ነው። የሚደርሰው ሰው በ18ኛው ደቂቃ ይደርሳል፤ ሌባው ከወጣ 3 ደቂቃ አልፎታል።

አሁን ጠቋሚው ከውስጥ ወደ ውጭ ይዛወር። በብረት መዝጊያው ላይ መከፈቱን የሚያውቅ ማግኔታዊ ጠቋሚ ቢገጠም ደወሉ በ2ኛው ደቂቃ ይነሣል፤ ሰው በ14ኛው ደቂቃ ይደርሳል፤ የሚተርፈው 1 ደቂቃ ነው። መዝጊያው ሲመታ ወይም ሲቆረጥ የሚሰማውን ንዝረት የሚያውቅ መሣሪያ ቢሆን ደግሞ ደወሉ ከመጀመሪያው ምት ጋር ይነሣና የሚተርፈው ጊዜ 3 ደቂቃ ይሆናል። የተለወጠው የጠቋሚው ቦታና ዓይነት ብቻ ነው፤ ውጤቱ ግን ከመዘረፍ ወደ መትረፍ ዞሯል።

ሌላም መንገድ አለ። ጠቋሚው በውስጥ እንዳለ ቢቀር እንኳ፣ ውድ የሆኑት ዕቃዎች በየማታው ለመስበር 5 ተጨማሪ ደቂቃ በሚጠይቅ የብረት ሣጥን ውስጥ ቢቆለፉ የአጥፊው ጠቅላላ ጊዜ 20 ደቂቃ ይሆናል፤ በ18ኛው ደቂቃ የሚደርሰው ሰውም ይቀድመዋል። በመስታወት ማሳያ ውስጥ ስልኮችን ደርድሮ አድሮ ካሜራ መጨመርና ስልኮቹን በሣጥን ቆልፎ ማደር ሲነጻጸሩ ርካሹ መፍትሔ የትኛው እንደሆነ ለመናገር ጥናት አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ገበያው ካሜራ ይሸጣል፤ ደቂቃ የሚሸጥ የለም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ማዘግየት የሚጠቅመው ከማወቅ በኋላ ሲሆን ብቻ ነው። ማንም ሳያውቅ የሚቆረጥ ጓጉንቸር አንድ ደቂቃም ቢፈጅ አንድ ሰዓት ለጥበቃው ያው ነው። ሁለተኛው፣ በሩን ብቻ ማጠናከር አጥፊውን ወደ ሌላ መግቢያ ይመራዋል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከጎረቤት ሱቅ የሚለየው ግድግዳም ስስ እንጨት ወይም ችፑድ ከሆነ የ15 ደቂቃው መንገድ ያጥራል። የስሌቱ መነሻ መሆን ያለበት አጥፊው ሊመርጠው የሚችለው አጭሩ መንገድ እንጂ ባለቤቱ ዘወትር የሚገባበት በር አይደለም።

ደወሉና አመኔታው

የኤሌክትሪክ ማንቂያ ደወል አዲስ ነገር አይደለም። አውግስጦስ ፖፕ የተባሉ የማሳቹሴትስ ሰው የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት እ.ኤ.አ. በ1853 ነው፤ በር ወይም መስኮት ሲከፈት የኤሌክትሪክ ዑደት ይገጥምና ደወል ያንቀሳቅሳል። ኤድዊን ሆምስ ይህን መብት ገዝተው ንግድ አደረጉት። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ዋና መሻሻል ዑደቱን መገልበጣቸው ነው። በሰላም ጊዜ ዑደቱ የተገጠመ ሆኖ ይቆያል፤ ሲቋረጥ ይጮኻል። በመሆኑም ሽቦውን መቁረጥ ደወሉን ማጥፊያ መሆኑ ቀርቶ ማስነሻ ይሆናል። በሲም ካርድ የሚሠሩት ማንቂያዎች ደግሞ ለባለቤቱ ስልክ በቀጥታ ስለሚደውሉ የመደበኛ ስልክ መስመር መቆረጥ አያሳስባቸውም፤ የሲም ካርዱ ሒሳብ ማለቁ ግን ያሳስባቸዋል።

የማንቂያ ደወል ትልቁ ጠላት ሌባ ሳይሆን ሐሰተኛ ጩኸት ነው። በአሜሪካ ፖሊስ ከሚደርሱት የማንቂያ ጥሪዎች ውስጥ ከ94 እስከ 98 በመቶ የሚሆኑት ሐሰተኛ መሆናቸው በዘርፉ ጽሑፎች ተመዝግቧል። የሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ላይ ደንቧን በመለወጥ የግል ጥበቃ ወይም ሌላ የዓይን ምስክር ሳያረጋግጠው ፖሊስ ለማንቂያ ደወል እንዳይሄድ አደረገች፤ የፖሊስ የማንቂያ ስምሪትም በ90 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ይህ ተሞክሮ ለሌላ አገር በቀጥታ ይቀዳ ማለት አይቻልም፤ ሆኖም አንድ ነገር ያስተምራል። «መድረስ» የሚባለው ተግባር ያለቀረጥ የሚገኝ ሀብት ሳይሆን በአመኔታ የሚገዛ ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ሐሰተኛ ጩኸት የሚነሣባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው ቀላልና የሚታወቁ ናቸው። በሰውነት ሙቀት የሚሠራው እንቅስቃሴ ጠቋሚ የሚያነበው የሙቀት ጨረር ለውጥን ስለሆነ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ፣ በመጋዘን የምትንጎራደድ ድመት ወይም በነፋስ የሚወዛወዝ የፕላስቲክ ሸራ ያታልለዋል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመጣም ጥራታቸው ዝቅተኛ የሆኑ መሣሪያዎች ያለምክንያት ይጮኻሉ። በአንድ ሳምንት ሦስት ሌሊት ያለምክንያት የተቀሰቀሰ ባለሱቅ በአራተኛው ሌሊት ስልኩን ድምፅ አልባ አድርጎ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር የለም። ሁለት የተለያዩ ጠቋሚዎች በአንድነት ካልመሰከሩ እንዳይጮኽ ማድረግ፣ ወይም ደወል ሲነሣ ባለቤቱ በስልኩ ካሜራውን ከፍቶ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይህን አመኔታ ይጠብቃል። ካሜራ በእርግጥ የጥበቃ መሣሪያ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ደወሉን አረጋጋጭ ሲሆን።

ካሜራው ምን ያያል?

ካሜራ ወንጀልን ይቀንሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ለ40 ዓመታት ያህል ተጠንቷል። ኤሪክ ፒዛ፣ ብራንደን ዌልሽ፣ ዴቪድ ፋሪንግተንና አማንዳ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት አጠቃላይ ግምገማ ካሜራ ባሉባቸው ስፍራዎች ወንጀል በአማካይ በ13 በመቶ እንደቀነሰ ያሳያል። ውጤቱ በመኪና ማቆሚያዎች ላይ የጎላ ሲሆን በኃይል ወንጀሎች ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ሰው በንቃት የሚከታተላቸውና ከሌሎች የጥበቃ እርምጃዎች ጋር የተጣመሩ ካሜራዎች ብቻቸውን ከተተዉት የተሻለ ውጤት አስገኝተዋል። ጥናቶቹ በብዛት የተሠሩት በብሪታንያና በአሜሪካ መሆኑን አንባቢ ልብ ማለት አለበት፤ የፖሊስ አደረጃጀቱም የመንገድ መብራቱም ከዚህ የተለየ ነው።

ካሜራው የሚያየው ነገር በቁጥር ሊለካ ይችላል። ለደኅንነት ካሜራ በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት አንድ ሰው መኖሩን ለማወቅ በአንድ ሜትር ስፋት 25 ፒክስል ይበቃል፤ የሚያውቁትን ሰው ለይቶ ለመናገር 125፣ የማያውቁትን ሰው ማንነት ያለጥርጥር ለመለየት ደግሞ 250 ፒክስል ያስፈልጋል። ወርዱ 1920 ፒክስል የሆነ የተለመደ ካሜራ በ250 ሲካፈል 7.68 ሜትር ይሆናል። ይህ ማለት ካሜራው ከዚህ የሰፋ ቦታ እንዲያሳይ ከተደረገ የማያውቁትን ሌባ ፊት ለይቶ የማሳየት ዋስትና የለውም። የ30 ሜትር የመጋዘን ግቢ በአንድ ካሜራ የሚሸፍን ነጋዴ በአንድ ሜትር የሚያገኘው 64 ፒክስል ነው፤ አንድ ሰው እንዳለፈ ያያል፣ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። መፍትሔው ሁሉንም ለማየት መሞከር ሳይሆን ሁሉም ሰው የግድ በሚያልፍበት ጠባብ በር ላይ አንድ ካሜራ በፊት ቁመት አካባቢ መትከል ነው። በ5 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ ካሜራ በብዛት የሚቀርጸው ኮፍያ ነው።

ሌሊት ሲሆን ይህ ሁሉ ይባባሳል። በሌሊት በሚያየው ካሜራ አካባቢ ነፍሳት ይሰበሰባሉ፤ ሸረሪትም ነፍሳትን ተከትላ በሌንሱ ፊት ድርዋን ታደራለች። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ምስል ነጭ ክር ብቻ ነው። በወር አንድ ጊዜ በጨርቅ መጥረግ በየትኛውም የሽያጭ ውል ውስጥ የማይጻፍ፣ ነገር ግን ከብዙ ውድ ማሻሻያ የሚበልጥ ጥገና ነው።

ከሁሉ የሚዘነጋው የቀረጻው ዕድሜ ነው። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚያመነጭ አንድ ካሜራ በቀን 43.2 ጊጋባይት ይሞላል፤ 8 ካሜራ 345.6 ጊጋባይት ይሞላል። 2 ቴራባይት የመያዝ አቅም ያለው ዲስክ ስድስት ቀን እንኳ ሳይሞላው አሮጌውን ቀረጻ በአዲስ ይተካዋል። ሰብሮ ለሚገባ ሌባ ይህ በቂ ነው፤ በማግሥቱ ይታወቃልና። ቀስ በቀስ ከመደርደሪያ ለሚጎድል ዕቃ ግን አይበቃም። የዕቃ ቆጠራ በወር አንድ ጊዜ በሚደረግበት መደብር ጉድለቱ የሚታወቀው ማስረጃው ከጠፋ ከሳምንታት በኋላ ነው። ለ30 ቀን ቀረጻ በተጠቀሰው አኳኋን 10.4 ቴራባይት ገደማ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ውድ ዕቃዎችን በየአምስት ቀኑ መቁጠር ከወረቀትና ከአንድ ሰዓት ጊዜ በቀር ምንም አይጠይቅም። ቆጠራና ካሜራ አንድ ሥርዓት መሆናቸውን ያልተረዳ ተቋም ለሁለቱም የከፈለው ገንዘብ ግማሹ ይባክናል። የቀረጻ ማሽኑን ከገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ሥር ማስቀመጥም እንዲሁ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ልምድ ያለው ሌባ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነውና።

ሰዓቱ ስንት ነበር?

ቀረጻው ተገኝቶ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ በኢትዮጵያ ብቻ የሚያጋጥም ችግር አለ። ምስክሩ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ ይናገራል። የቀረጻ ማሽኑ ይህን ቅጽበት ረቡዕ 02፡00 ብሎ ይጽፈዋል፤ በማሽኑ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በአገሬው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ ነው። የዘመን አቆጣጠሩም እንደየወሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት፣ ቀኑም በተለያየ ቁጥር ይራራቃል። ማሽኑ ተገጥሞ ሳይስተካከል በቻይና ሰዓት ክልል ከቀረ ደግሞ 5 ሰዓት ይቀድምና ያንኑ ቅጽበት 07፡00 ይለዋል፤ ይህም ብዙ ሱቆች ለመከፈት የሚሰናዱበት ሰዓት ነው። በእንዲህ ያለው ልዩነት የሌሊት ስርቆት የቀን ሥራ ይመስላል፤ በዚያ ሌሊት በቦታው ያልነበረ ሰው ተጠርጣሪ፣ የነበረው ደግሞ ነጻ ሊሆን ይችላል።

ስርቆት በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆት በአንቀጽ 669 የተደነገጉበት የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። የአንድ ሰው ነጻነት በቀረጻ ላይ በሚመሠረትበት ጊዜ ቀላል የሚመስሉ ጥንቃቄዎች ከባድ ዋጋ ይኖራቸዋል። የማሽኑን ሰዓት በየሳምንቱ ከትክክለኛ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን በመዝገብ መያዝ፣ ቀረጻውን ማን መቼ እንደቀዳው መጻፍ፣ የተቀዳውም ፋይል እንዳልተነካ የሚያረጋግጥ የዲጂታል አሻራ ማውጣት ለባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ ናቸው። በስልክ ከስክሪኑ ላይ የተቀረጸ ምስል በማኅበራዊ መገናኛ ይሰራጫል፤ ለፍርድ ቤት ግን ደካማ ማስረጃ ነው።

ከስርቆት የሚለየው ውድመት

እስካሁን የተነገረው ስሌት ዕቃ ተሸክሞ ለሚሄድ አጥፊ ነው። መስታወት የሚሰብር፣ ግድግዳ የሚያበላሽ ወይም የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚገነጥል ሰው ምንም ተሸክሞ መውጣት አይፈልግም፤ ሥራውን በሴኮንዶች ይፈጽማል። የ12 ደቂቃው ደራሽ እዚህ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለውድመት የሚሠራው ቁሳቁሱን ማጠንከር፣ ቦታውን በብርሃን መግለጥና የተበላሸውን በፍጥነት መጠገን ነው። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ጠንካራ ስስ ሽፋን መስታወቱን ከመሰንጠቅ ባያድነውም ቶሎ እንዳይበታተን ይይዘዋል።

በሕዝብ ሁከት ጊዜ ደግሞ የግል የደኅንነት ሥርዓት ወሰኑ ላይ ይደርሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሻሸመኔ ውስጥ ሆቴሎችና መደብሮች ሲቃጠሉ ችግሩ የካሜራ ወይም የጓጉንቸር ማነስ አልነበረም። ለእንዲህ ያለው አደጋ የሚቀረው የንግዱ መዝገብና የሒሳብ ሰነድ ቅጂ ከሕንጻው ውጭ እንዲቀመጥ ማድረግና የመድን ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ነው፤ የተለመደ የእሳት መድን የፖለቲካ ሁከትን ለብቻው ካልተገዛ በቀር ላይሸፍን ይችላልና።

ጥበቃው

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ መካከል የሚችል ጠባቂ ሊሆን የሚችለው አሁንም ሰው ነው፤ ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ የሚበድለውም እሱኑ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድን በር ሌት ተቀን ለማስጠበቅ 3.5 ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። በአንድ ወይም በሁለት ጥበቃ ይህን ሁሉ የሚያሸፍን ተቋም በእርግጥ የሚያገኘው ያንቀላፋ ሰው ነው፤ ይህም የሥነ ምግባር ጉድለት ሳይሆን የሒሳብ ውጤት ነው።

ስርቆት ሲፈጸም ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው፣ አንዳንዴም መጀመሪያ የሚታሰረው ጥበቃው ነው። በዝቅተኛ ደመወዝ የሚያድር ሰው፣ ባልተቆጠረ ዕቃ፣ ማን እንደያዘው ባልተመዘገበ ቁልፍና ሰዓቱ በተዛባ ካሜራ መካከል ቆሞ ንጽሕናውን ማስረዳት ይቸግረዋል። የነገሩ አካሄድ ከቀድሞው ሌባሻይ ብዙ አይርቅም። በሚገባ የተሠራ ሥርዓት ግን ለዚህ ሰው ምስክር ይሆንለታል። ቁልፍ ሲወጣና ሲመለስ መመዝገቡ፣ የውስጥ በር በማን ካርድ እንደተከፈተ መታወቁ፣ ጥበቃው በየሰዓቱ ግቢውን ሲዞር በተወሰኑ ቦታዎች ምልክት ማድረጉ የባለቤቱን ንብረት የሚጠብቀውን ያህል የሠራተኛውንም ስም ይጠብቃል። ጉድለቱ ከውስጥ ሠራተኛ የመጣ ሲሆንም፣ ዕቃ የሚረከበው፣ የሚመዘግበውና የሚቆጥረው አንድ ሰው አለመሆኑ ከማንኛውም ካሜራ ቀድሞ ይናገራል።

ጥበቃው በሕይወት የመውጣት መብትም አለው። ሌሊት ከውጭ ተቆልፎበት በመጋዘን ውስጥ የሚያድር ሰው በእሳት ጊዜ መውጫ የለውም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ በሮች ይህን ተቃርኖ ይበልጥ ያጎሉታል። መብራት ሲጠፋ የሚከፈት በር ሰውን ያድናል፤ ሌባም የኤሌክትሪክ መስመሩን በመቁረጥ ይገባበታል። መብራት ሲጠፋ ተቆልፎ የሚቀር በር ንብረቱን ይጠብቃል፤ ሰውን ግን ሊያስቀር ይችላል። ተቀባይነት ያለው አሠራር ከውጭ ተቆልፎ፣ ከውስጥ ግን ያለቁልፍና ያለኤሌክትሪክ በእጅ ተገፍቶ የሚከፈት በር ነው፤ ከዚህ ጋር ጠቋሚዎቹንና ካሜራዎቹን መብራት በሚጠፋበት ጊዜ የሚያንቀሳቅስ ባትሪ ያስፈልጋል። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚታወቀው ደግሞ በመሣሪያው ካርቶን ላይ ከተጻፈው ሳይሆን መብራቱን አጥፍቶ በመጠበቅ ነው።

የሚያይ መሣሪያ የሚታዩትንም ይመለከታል

ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ካሜራ ለባለቤቱ ብቻ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም 60 ገደማ የሚሆኑ ከፋብሪካ የወጡ የተጠቃሚ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ብቻ በመሞከር በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና የቀረጻ ማሽኖችን ተቆጣጠረ፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት ወርም ዳይን በተባለው ኩባንያ ላይ በደረሰው ጥቃት የታወቁ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋረጡ። የይለፍ ቃሉ ያልተለወጠ ካሜራ ሱቁ መቼ እንደሚዘጋ፣ ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥና ጥበቃው መቼ እንደሚተኛ ለማይታወቅ ሰው ያሳያል። ካሜራ ገጣሚው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ይዞ መሄድ የለበትም።

በሕግ ረገድ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የደንበኞችንና የሠራተኞችን ምስል የሚሰበስብ ነጋዴ የግል ዳታ የሚይዝ አካል ሆኗል። ካሜራ መኖሩን በጽሑፍ ማስታወቅ፣ በልብስ መለኪያና በመጸዳጃ ክፍሎች አለመትከል፣ ቀረጻውን ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ማዋል ከዚህ የሚመነጩ አሠራሮች ናቸው። በስርቆት የተጠረጠረን ሰው ምስል ፍርድ ሳያገኝ በሱቅ በር ላይ መለጠፍ ወይም በማኅበራዊ መገናኛ ማሰራጨት ባለንብረቱን ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ሊያዛውረው ይችላል።

በዚህ ዘርፍ ለተመራቂ ተማሪዎች ክፍት የሆነው ትልቅ ሥራ መለኪያ ነው። በአንድ የገበያ አካባቢ ያሉ ጥቂት ፈቃደኛ ሱቆች ተመርጠው፣ ፖሊስና ጎረቤት አስቀድሞ እንዲያውቀው ተደርጎ፣ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መብራቱ ጠፍቶ መዝጊያው ቢመታ፣ ደወሉ ስንት ሴኮንድ ቆይቶ እንደሚነሣ፣ ስልኩን ማን እንደሚያነሣ፣ በሩ ላይ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደሚቆም በሰዓት ተይዞ ሊመዘገብ ይችላል።